በአንተ ቁጥር ያጠራቀምነው ነጥብ

ለምወድህም ለምቆጣህም ወንድሜ ለሙኽታር፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የሎጊያ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? በልተህ ታድራለህ? የምትተኛውስ የት ነው? ቀኑን ሙሉ ከመኪና ላይ ዕቃ ስታወርድ ወገብህን አያምህም? እኔም፣ ባለቤቴ ዓብዱም፣ ልጃችን ሒክማም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን ሁሉ ስጠይቅህ ንዴቴ የበረደልኝ እንዳይመስልህ። አጠገቤ ብትሆን መጀመሪያ ጆሮህን ጠምዝዤ ነበር ሰላም የምልህ። ካለፈው ረመዳን ጀምሮ ድምፅህን አጥፍተህ፣ እኛ ባሕር በላው፣ በረሃ በላው ስንል የት አባክ ነበርክ?

ሎጊያ መሆንህን በሱፐርማርኬት ነጥብ ነው ያወቅኩት። አትሳቅ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ገርጂ ዕቃ ታወርድበት የነበረው ሱፐርማርኬት ለደንበኛ ነጥብ መስጠት ሲጀምር፣ በራስህ ስልክ ቁጥር ተመዝግበህ፣ ሒሳብ ስትከፍዪ ቁጥሬን ጥሪ ብለኸኝ ነበር። ነጥቡ ሲጠራቀም ዘይትም ዱቄትም ያስወስዳል። አንተ ወደ ጅቡቲ ከወጣህ በኋላም ቁጥርህን መጥራት አልተውኩም። ስደውልልህ ስልክህ ጥሪ አይቀበልም፤ ካሸሯ ጋ ቁጥሩን ስጠራ ግን ስክሪኑ ላይ ስምህ ይመጣል። ሙኽታር ነው ትለኛለች፤ አዎ እላታለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ አንዳንዴ ለዚያች ጥያቄ ብዬ ብቻ አንድ ሳሙና ልገዛ እገባ ነበር።

ኋላ እዚህ አራብሳም ቅርንጫፍ ከፈቱ። የብሎካችን ሴቶች ለየብቻ ሲገዙ የሚያገኙት ነጥብ ከሳሙና አያልፍም ነበር። ታች ቤት ያለችው፣ ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ አብራኝ የምትሰፋው ፍረወይኒ ናት ዕቁብ እናድርገው ያለችው። ሁላችንም በአንድ ቁጥር እንገዛለን፤ ወር በገባ ቁጥር ዕጣ ይወጣል፤ የወጣላት የወሩን ነጥብ ጠቅልላ ትወስዳለች። እኔን ዳኛ አደረጉኝ፣ ቁጥሩም ያንተው ሆነ። ይኸውልህ፣ አይተውህ የማያውቁ ሴቶች ሁሉ ቁጥርህን በቃላቸው ያዙት።

ያለፈው ወር ዕጣ ለፍረወይኒ ወጣ። አራስ ናት። ጡቷ አልበቃ ብሎት ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ያንን ነጥብ ለጣሳ ወተት ብላ ነበር የጠበቀችው። ሄዳ ጣሳዎቹን ካሸሯ ፊት ደርድራ ቁጥሩን ብትጠራ፣ ባዶ ነው ተባለች። ሰልፈኛው ሁሉ እያያት ጣሳዎቹን ወደ መደርደሪያው መልሳ ወጣች። ከዚያ ሕፃኑን አቅፋ በሬ ላይ ቆመች። አልሰደበችኝም። ሳጂዳ፣ ቸግሮሽ ከነበረ ምናለ ብትነግሪኝ ብቻ ነው ያለችኝ። ወላሂ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ዕፀገነት ግን ደረጃው ላይ ቆማ የአራስ ወተት የበላች እያለች ጮኸችብኝ። ወሬው ብሎኩን አዳረሰው። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ጨዋታቸውን ያቆማሉ። ዓብዱ እንኳ እውነት አልነካሽውም ብሎ ጠየቀኝ፤ ሆድ ባሰኝ። እዚህ ስሜ ከጠፋ ሒክማን ለማን ጥዬ ነው ሥራ የምሄደው?

ከፋብሪካ ፈቃድ ጠይቄ ገርጂ ዋናው ሱቅ ሄድኩ። ደንበኞችን የምታስተናግደው ልጅ ኮምፒውተሯን አየችና፣ ነጥቡ በሞባይል ካርድ ተቀይሯል፣ የቀየረውም ባለ ቁጥሩ ከራሱ ስልክ ነው አለችኝ። ባለ ቁጥሩ ወንድሜ ነው፣ ጠፍቶብናል አልኳት። አንጀቷን በላኋት መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ብዙ ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ስለሚችል ብዙ ተስፋ አታድርጊ አለችኝ።

ከሱቁ እንደወጣሁ ደወልኩ። ጠራ! ያ ስንት ወር ዝግ የነበረ ስልክ ጠራ። ግን አይነሣም። ያ አላህ፣ ሌላ ሰው ቢሆንስ? እሱ ከሆነስ ለምን አያነሣም? ታክሲ ውስጥም መደወሌን አልተውኩም፤ መገናኛ ስወርድ ገብረሃንስ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር አነሣው። ያለሁት ሎጊያ ነው፣ ስልኩ የዚህ የዕቃ አውራጁ ልጅ ነው አለኝ። ስሙ ማን ነው ብለው፣ ሙኽታር፣ የሐይቅ ከተማ ልጅ አለኝ። እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁጭ አልኩ። ሰው ከበበኝ፤ የተሰረቅኩ መስሏቸው ሌባ የሚፈልጉልኝም ነበሩ።

ስልኩን ስጠው ብዬ ለመንኩት። የለም በላት ስትል በጆሮዬ ሰማሁህ፣ ሙኽታር። ከዚያ ወዲህ ስልክህ ዝግ ነው። ለዚህ ነው ደብዳቤ የምጽፍልህ፤ የራሱን ቁጥር የሰጠኝ ገብረሃንስ ቃሊቲ ጭነት ሊያራግፍ መጥቷልና በእጁ እልከዋለሁ። እሱ እንዳለኝ ከጅቡቲው ኦቦክ ወደብ ባዶ እጅህን ተመልሰህ፣ ለደላላው ብላ ላሟን የሸጠችውን እናቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ ትላለህ አሉ። አንተ ሞኝ! እሷ ስለ ላሟ አንድ ቀን አንስታ አታውቅም፤ የምታነሳው አንተን ነው።

ለእማ የዚያኑ ዕለት ደውዬ በሕይወት እንዳለህ ነገርኳት። አታባብዪኝ ልጄ አለችኝ። ስለ ነጥብ ስለ ካርድ ባስረዳት አልገባት አለ። ድምፁን ሰማሽ ወይ አለችኝ። የለም በላት ሲል ሰማሁት ልበላት? እኔ እንኳ አላልኳትም። ረመዳን ሳይገባ ብላ የፊታችን ጁምዓ የሙት ሰደቃህን በግ ልታሳርድልህ ነው። ሼኹም ዘመድም ተጠርቷል። በቁምህ ሰደቃህ ሊበላ ነው፣ ትሰማኛለህ? ካንተ ድምፅ በቀር የሚያስቆማት የለም።

ሴቶቹን ሰብስቤ ሁሉን ነገርኳቸው። ዕፀገነት አላምን ብላ ገብረሃንስን ላውድ ላይ አድርጌ አሰማኋት። ይቅርታ ጠይቃኛለች፤ እኔ ግን ገና አኩርፌያታለሁ፣ ትንሽ ትቆይ። ለሕፃኑ ወተት አዋጥተን ገዛንለት። የዚህን ወር ነጥብ ግን ፍረወይኒ ራሷ ዕጣ አይውጣበት፣ ለጠፋው ወንድምሽ ይሁን አለች፤ ሁሉም ተስማሙ። ቁጥርህ ላይ ተቀምጧል፣ ማንም አይነካውም። ያለፈውን የማን እንደሆነ ሳታውቅ እንደወሰድከው አይጠፋኝም። ይኸኛው ግን ያንተው ዕጣ ነው፤ በካርድ ቀይረውና ለእናትህ ደውል።

ዓብዱ ሚኒባሱ ላይ ረዳት አጥቻለሁ፣ ቶሎ ና ይልሃል። ሒክማ ጉንጩን ሳሚልኝ ብላኛለች፤ አጎቴ ለምን አይመጣም እያለች አስቸግራኛለች። ፍረወይኒ ከነሕፃኗ ሰላም ትልሃለች። የብሎኩ ሴቶችም፣ ያቺ ዕፀገነት ሳትቀር፣ በጣም ሰላም ይሉሃል።

የእማን ሰላምታ አልጻፍኩልህም። ምን ብዬ ልጻፍልሽ ብላት፣ ለሞተ ሰው ዱዓ ነው እንጂ ሰላምታ ይላካል ወይ አለችኝ።

እህትህ ሳጂዳ
ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ
ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.