ከአስር ወደ ታች

ሰኞ፣ ኅዳር 6፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

አቼቶው አለቀ። ደብተሬ፣ ማድ ቤቴ እንደ ሰላጣ ይሸታል፤ ጣሪያው ላይ እርጥብ ክብ ምልክት አለ። ሠራ ማለት ነው!

የሮኬቷ ነገር ቀላል ነው። የፎቶ ፊልም የሚመጣባት ጥቁር የላስቲክ ዕቃ፣ ክዳን ያላት፣ አውራ ጣት የምታህል። ከፒያሳው ፎቶ ቤት ጋሽ ከድር አንድ ከረጢት ሙሉ ሰጡኝ። ጨረቃ ስትደርሱ ለፎቶ ጥሩኝ ብለው ቀለዱብኝ። ውስጧ አቼቶ፣ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ፣ ክዳኗን ግጥም፣ ገልበጥ፣ መሸሽ። ጋዙ ይጠራቀማል፣ መውጫ ያጣል፣ ክዳኑን ወደ ታች ሲገፋው ዕቃዋ ወደ ላይ ትወነጨፋለች። የአራተኛ ክፍል ልጆቼ ይህን ሕግ፣ የመጽሐፉን ሁለት መስመር፣ በቃላቸው ይወጡታል። አንዳቸውም አያምኑትም እንጂ።

ለሌላ ሰው የማልነግረውን ላንቺ ልንገርሽ። ስትፈነዳ መሬት ላይ ተኛሁ። ሳላስበው። ጣሪያ መድረሷን ያየሁት ጠረጴዛ ሥር ሆኜ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁም ጠፋ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

ዛሬ በት/ቤቱ ግቢ። አርባ ምናምን ልጅ ክብ ሠርቶ። ጧ! አንድም የደነገጠ የለም። ዘለሉ፣ ጮኹ፣ ኮፍያ ወረወሩ። እኔ ግድግዳ ይዣለሁ። በየሌሊቱ ተኩስ በነበረ ጊዜ እነሱ ገና ጨቅላ ነበሩ፤ አያስታውሱም። ተመስገን ነው።

ጥያቄዋ የማያልቀው ትዕግሥት፦ «እትዬ፣ ክዳኑስ ለምን አብሮ አይወጣም?» ይህን ጥያቄ ለመስማት ስንት ዓመት አስተማርኩ!

ሦስተኛዋ ከፈነዳች በኋላ የግቢው በር ተደበደበ። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት እማማ ብርቄ። ነጠላ አልደረቡም፣ ጫማ ያደረጉት ባንድ እግራቸው ነው። ዘበኛውን አልፈው እኔ ጋ መጡ። «ቁጠሪያቸው!» አሉኝ። «ልጆቹን ቁጠሪያቸው! ሁሉም አሉ?»

ቆጠርኩ። ጮክ ብዬ፣ አንድ በአንድ። ሁሉም አሉ፣ እማማ። በመጡበት በር ተመልሰው ሄዱ።

ልጆቹ ሳቁ። ላልቆጣ ሞከርኩ፤ አቃተኝ፣ ተቆጣሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው፤ ማን አይፈራም? ሮኬት የሚለው ቃል ብቻውን የቀበሌ ስብሰባ ያስጠራል፣ ጓድ መምህርት፣ አለኝ። የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ወላጆች ሲመጡ ልጆቹ እንዲያሳዩ ፈቅዶ ነበር። አሁን አንድ ጎረቤት አቤት ካለ ይቀራል።

እውነቱን ልጻፍ? እኔም ልተወው አስቤአለሁ። ቀበሌውን ፈርቼ አይደለም። ዘበኛው የእማማ ብርቄን ነገር አጫወተኝ። አራት ልጆች ነበሯቸው። በዚያ ክፉ ጊዜ ማታ ማታ በር ዘግተው ይቆጥሯቸው ነበር። አንድ ምሽት ደጅ ተኩስ ሰሙ፣ ቆጠሩ፣ ሦስት ሆኑ። የበኩር ልጃቸው በዚያው ቀረ። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ወረቀት ነሽና፣ ሰው እጅ ትገቢ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ በፊኛ ሞከርኩ። ክር ላይ የሚሮጥ ፊኛ፤ ሕጉ ያው ነው፣ ድምፅ የለውም። ልጆቹ ላለማስቀየም ያህል አዩልኝ። ትዕግሥት ግን፦ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ልደት ነው።»

እሑድ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። እንደ ደንቡ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ያቃጥላል፤ ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ከጭሱ የተነሣ አይታይም። ከሥላሴ ስመለስ ይቅርታ ልጠይቅ እማማ ብርቄ ጋ ጎራ አልኩ። ደጃቸው ላይ እሳቱን በእንጨት እየቆሰቆሱ ነው። ገና አፌን ስከፍት እሳቱ ውስጥ የሆነ ጣሳ ፈነዳ።

ሁለታችንም ቁጢጥ አልን። ራሳችንን ይዘን። ተያየን።

«አንቺም?» አሉኝ።

«እኔም፣ እማማ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስን፤ በጭሱ አሳበብን። እጄን ይዘው አስነሱኝ (እሳቸው እኔን!) እና እንዲህ አሉ፦ «ተዪው አልልሽም፣ ልጄ። የልጆቹን ሳቅ እወደዋለሁ። እኔን የሚገድለኝ ድምፁ አይደለም፤ ድንገት መምጣቱ ነው። ቀድማችሁ ንገሩኝ።»

ቀድሞ መንገር። እንዴት ሳላስበው! ሮኬት ሊነሳ ሲል ይቆጠራል እኮ፣ ከአስር ወደ ታች። ችግሩ የእኔዎቹ ቆጠራ አያከብሩም። ሲያሻቸው ነው የሚፈነዱት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ለልጆቹ ሥራ ሰጠሁ፦ ልክ ዜሮ ላይ የሚነሳ ሮኬት። ለምን? ከአጥሩ ማዶ ያሉት እናት እንዳይደነግጡ። ሌላውን አልነገርኳቸውም። ዛሬ የሳቀ የለም።

ሶዳውን በስስ ወረቀት ጠቅልሎ መክተት፤ አቼቶው ወረቀቱን አርሶ እስኪገባ ጊዜ ይፈጃል። ክዳን ሳንገጥም፣ በዝምታ፣ አረፋው እስኪነሳ እንቆጥራለን። አንዴ የተጠቀለለው ሦስት ሳንደርስ ገነፈለ። ሁለቴ የተጠቀለለው ስድስት ላይ። አንዱ ቡድን ቶሎ ቶሎ ቆጥሮ አሸነፍን አለ፤ ጠብ ሆነ። ትዕግሥት ወረቀቱን ደርባ ጫፉን ጠመዘዘችው። ዘጠኝ ላይ። ደገመች። አስር!

ደስ ብሎኛል፣ ደብተሬ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዓርብ፣ ኅዳር 17፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ገና አሁን መግባቴ ነው። ጫማዬን አላወለቅሁም።

ጠዋት ለእማማ ብርቄ ነገርኳቸው። ወላጆች አጥሩን ተደግፈው፣ ዳይሬክተሩ እጁን አጣምሮ። ትዕግሥት ዕቃዋን ገልብጣ ሮጠች። አስር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት... ስድስት ላይ ከአጥሩ ማዶ አንድ ቀጭን ድምፅ አብሮን መቁጠር ጀመረ። ግቢው ሁሉ ሰማ። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ዜሮ።

ምንም። ዕቃዋ ቁጭ ብላለች። ትዕግሥት ከንፈሯን ነከሰች። ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

ከማዶ፦ «ኧረ ምን ነካችሁ! ድገሙት እንጂ!»

ሳቅ ሆነ። ልጆቹ ደገሙ። አስር፣ ዘጠኝ... ስምንት ሳይሉ፣ ጧ! ከጣሪያው በላይ፣ ከግቢው ዋርካ በላይ። ሁሉም ጮኸ። እኔ አጥሩን ነው የማየው። አልቆጠርንላቸውም፤ ድንገት ነው የመጣባቸው። ከማዶ ድምፅ የለም። ልጆቹም ገባቸው መሰል አንድ በአንድ ዝም አሉ።

ከዚያ እማማ ብርቄ፦ «ሁሉም አሉ?»

ማንም አላዘዛቸውም። አርባ ምናምን ልጅ ባንድ አፍ፦ «አለን!»

እኔም አብሬ ጮኼአለሁ፣ ደብተሬ። ግድግዳ ሳልይዝ፣ መሃል ሜዳ ላይ ቆሜ።

ሰኞ የሦስተኛ ክፍሎች ተራ ነው። አቼቶ መግዛት አለብኝ። ከዚያ በፊት ግን፣ በማለዳ፣ ለእማማ ብርቄ ቀድሜ እነግራቸዋለሁ።