ከምንጩ በላይ ያለው ባህር ዛፍ

የካቲት 17
ሥልጠናው ተጀመረ። ሱሉልታ፣ የቀበሌው አዳራሽ። “አካባቢን ለመጠበቅና ለልማት የአመራር ክህሎት” ይሉታል... የምንጩን ኮሚቴ አሥራ አንድ ዓመት መርቻለሁ። ማን ነው እኔን የሚያስተምረኝ? አሠልጣኟ ኤልሳቤት ትባላለች፤ ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ። ሠልጣኝ ሁሉ ለራሱ የዕለት ማስታወሻ ይያዝ አለች። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። የልጄ ሚስት ተስፋነሽ ከፋብሪካ ስትገባ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ሳታሳምሪ ጻፊ ብያታለሁ።

የካቲት 18
ቀኑን ሙሉ ስለ ማዳመጥ ተወራ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

የካቲት 19
ተዋረድኩ። ምንጩ ለምን ደከመ ተባለ። ድሮ ቶሎ ይሞላ የነበረ ጀሪካን ዛሬ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ተነሳሁና፣ “ከበላዩ ያለው ባህር ዛፍ ነው የጠጣው። ሁሉም ይንቀል! እምቢ ያለ ይቀጣል!” አልኩ። እንደ ሁልጊዜው።
ድንቅቱ ከኋላ ተነሳች። አራት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ፣ ጠዋት ማታ ከምንጩ የማትጠፋ ሴት።
“ኦቦ ነገሳ፣ እዚያ ላይ መጀመሪያ ባህር ዛፍ የተከለው ማነው?”
ወደ በሩ አየሁ።
“አንቱ ነዎት። እኛ አንቱን አይተን ነው።”
አዳራሹ ሳቀ። “ተቀመጪ!” አልኳት። አልተቀመጠችም። ኤልሳቤት ደግሞ፣ “አባቴ፣ ትጨርስ” አለችኝ። ጥዬ ወጣሁ።
እውነቷን ነው እንዴ?... ነው። ቤት የሠራሁበት፣ ልጅ የዳርኩበት ዛፍ ነው። ብተክለውስ!

የካቲት 24
ከልጄ ጋር ቆረጥነው። ሠላሳ ሁለት እግር። አንድ አላስቀረሁም። ጎረቤቴ ጃለታ አጥሩን ተደግፎ ያያል። የሱም ዛፍ ከኔው ጎን ነው።
“አካም፣ ነገሳ! ጎበዝ! ክረምት ሲገባ ከያንዳንዱ ጉቶ ሦስት ሦስት ያቆጠቁጥልሃል። ምንጭ አዳንክ ወይስ ዛፍ አረባህ?”
“አፍህን ያዝ!”
ግን ልክ ነው። ባህር ዛፍ ሲቆርጡት ይብስበታል። ይሄን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ወይስ ልቤ እያወቀ... ተስፋነሽ ቀና ብላ አየችኝ። ጻፊው አልኳት።

የካቲት 26
ዶማ። ጉቶውን ከነሥሩ። በቀን ሁለት ብቻ። ልጄ፣ “አባባ፣ ይሄ ይገድልሃል” ይላል። ይግደለኛ!

መጋቢት 6
ኤልሳቤት መጣች። የቀረብኝን ሁለት ቀን ከተማርኩ ሰርተፍኬት ይሰጠኛል አለች። “ለሚያነብ ስጪው፤ እኔ ሥራ ላይ ነኝ” አልኳት። ሳቀች። ዶማውን ተቀበለችኝ... ግማሽ ጉቶ ሳትቆፍር እጇ ውሃ ቋጠረ። ግን አልተወችም። ይቺስ ደህና ናት።

መጋቢት 7
ጃለታ ዶማ ይዞ ወጣ። ሰሞኑን እሱም ዛፉን ቆርጦ ነበር፤ የራሱን ጉቶ ጀመረ።
“ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ!”
አልመሰለኝም።

መጋቢት 21
የሠፈሩ ሰው ከምንጩ በላይ የቀረውን ባህር ዛፍ ሊነቅል ደቦ ወጣ። አሥራ ዘጠኝ ሰው! ማንንም አላዘዝኩም፣ ማንንም አልቀጣሁም። ጃለታ፣ “ሰው ቆሞ ይጠብቅሃል እኮ። ከየት ይጀመር?” አለኝ። አፌን ከፈትኩ... ውሃው የት ጋ እንደሸሸ በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ?
“ድንቅቱን ጠይቋት” አልኩ።
ሁሉም ዞሮ አየኝ። እሷ ግን ምን ታፍራለች! በጣቷ እያሳየች ሰዉን በየቦታው መደበችው።
“አንቱ ደግሞ፣ ኦቦ ነገሳ፣ ከዚያኛው ጥግ!”
ዶማዬን አንስቼ ሄድኩ።