ግማሽ ቆርቆሮ ቫርኒሽ

ማሙሽ፣

ስትገባ አልጋዬን ብታጣው አትደንግጥ፤ በረንዳ ላይ አውጥቼዋለሁ። እንዳታስገባው! ፍራሼ መሬት ላይ ይቆይ፣ መስኮቱንም አትዝጋው።

አልጋውን የሠራውን ያንን አናጢ የመረጥነው ለአስሜ ብለን ነበር። ደረቅ ጣውላ፣ ኮምፔርሳቶ የሌለበት፣ ከተልባ ዘይት በቀር ምንም ያልነካው። እዚያው ሱቁ ውስጥ አፍንጫዬን ደፍቼ አሽትቼዋለሁ፤ እንጨት እንጨት ነበር የሚሸተው። ታዲያ እዚህ ከገባ ሳምንት ሳይሞላው ደረቴን እንዲህ ያፈነኝ ምንድን ነው?

ትናንት አናጢውን ስጠራው መጣ። "አታለልከኝ!" ብዬ አፌ እንዳመጣልኝ ስናገረው አንተ ጣሪያ ጣሪያውን ታይ ነበር። ያኔ ነው የጠረጠርኩት።

ዛሬ ጠዋት ጃንጥላ ስፈልግ ከመታጠቢያው ስር ቫርኒሽ አገኘሁ። በአሮጌ ሸሚዝህ ከታጠበ ብሩሽ ጋር ተጠቅልሎ፣ ግማሹ አልቆ። ብሩሹን ማን እንዳጠበው አልጠይቅህም።

"አልጋው ራቁቱን የቆመ ይመስላል" ብዬ የቀለድኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ልታስደስተኝ ብለህ ይሆናል። ግን ሰሞኑን ሁሉ ሳስል ሽሮፕ እያቀበልከኝ አንዲት ቃል አትወጣህም?

ሽሮው... አይ፣ ምሳህን ራስህ ፈልግ።

አሁን አናጢው ጋ ይቅርታ ልጠይቅ እየሄድኩ ነው። ትናንት እንጨቱን በጣቱ አሸት አድርጎ አሸተተው፣ ቀና ብሎ አንተን አየህ፣ ከዚያ ወጣ።

ሁለታችሁም ዝም አላችሁ።

የእሱ ዝምታ ገብቶኛል።

እህትህ