ዓሣዎቹ የለመዱት ድምፅ

ይድረስ ለልጄ ለሹቾሪታ፤

ሙምባይ እንዴት ይዛሻለች? እኛ ሃውራ ያለነው፣ ሁላችንም ደህና ነን፤ ታመው የነበሩት ዓሣዎቹ ብቻ ናቸው።

ወርቃማዎቹ ዓሣዎች ጨው የተነሰነሰባቸው የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ወጥቶባቸው ነበር። ጎረቤታችን ኖኒ፣ «ውኃውን ሙልጭ አድርገህ ድፋው!» አለኝ። የሱ ዓሣዎች የት ደረሱና ነው ለኔ መካሪ የሚሆነው? እናትሽ አልጋዋ ላይ ሆና እንዳዘዘችኝ፣ ውኃውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀየርኩ፣ ጨው ጨምሬ ሞቅ አደረግሁላቸው። ነጠብጣቡ ለቀቃቸው።

መብላት ግን እምቢ አሉ። ለካ ለምግብ ወደ ላይ የሚወጡት እናትሽ የዛጎል አምባሯን የገንዳቸው መስታወት ላይ ቀጭ ቀጭ ስታደርግ ነው። በጣቴ ባንኳኳ፣ በማንኪያ ባንኳኳ፣ ማን ሰምቶኝ! «አንተ ሽማግሌ፣ በረሃብ ልትፈጅብኝ ነው፤ እንካ!» ብላ አምባሯን ሰጠችኝ። ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ ወልቆ የማያውቀው አምባር፣ ሳሙና እንኳ ሳንቀባው ሾልኮ ወጣ። ኖኒ እጄ ላይ ሲያየው፣ «ባሏ በሕይወት እያለ ሴት አምባሯን ታወልቃለች?» ብሎ አፉን ያዘ። «ለዓሣዎቹ ነው» አልኩት።

አሁን ጠዋት ጠዋት እኔ አንኳኳለሁ። እናትሽ ከአልጋዋ፣ «በሉ?» ትለኛለች። «ጠራርገው!» እላታለሁ።

ለዱርጋ በዓል እመጣለሁ ብለሻል፤ ቀደም ብትይ ደስ ይለኛል። ዓሣዎቹ አሁን በጣም አምረዋል።

ናፋቂሽ አባትሽ
ቢሽዋናት