ሚዜው ለምን መንገድ እንዳልለቀቀ

ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 9 ቀን 2010 ዓ.ም.

ባዩዬ፣ የልጄ ልጅ፣ ዓይኔ፤

ደህና ነህ ወይ ብየ አልጠይቅህም፤ ደህና እንዳልሆንህ አውቃለሁ። እዚያ ሰው አገር አብሮህ ያለው ጓደኛህ አዳነ ደውሎ ነግሮኛል። ትከሻህ ተሰብሯል፤ ያ የብስክሌት ቡድናችሁ ፈጣን ሉካ ደግሞ ዳሌው ተሰብሮ ሐኪም ቤት ተኝቷል። አንተ ስልክ አታነሳም። ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት በለቃቀምኋት ፊደል ራሴ ጻፍሁልህ፤ ይህን ነገር በሰው እጅ አላስጽፈውም። ፊደሌ ቢንጋደድ ሳቅ። መሳቅህ ይሻለኛል።

እዚህ ዝናቡ ገብቷል። አባትህ ጋፋት ያለችውን ማሳ እያረሰ ነው፤ መውደቅህን አልሰማም። ያየሁት እኔ ነኝ፣ እንደ ልማዴ በብስክሌት አዳሹ በየሱፍ ሱቅ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ፣ በቴሌቪዥኑ።

አሁን እኮ የውድድሩን ፈጣኖች አንድ በአንድ ለይቻቸዋለሁ። ያ ረጅሙ ጉልበት አለው፤ ከሩቅ ይነሳል፤ ግን ትንፋሹን ቀድሞ ጨርሶ መጨረሻዋ ላይ እንደ ላም ይነጥፋል። ያ ድንክየው ጉልበቱ ግማሽ ነው፤ ብልሃቱ ግን! እጀታው ላይ አንገቱን ደፍቶ፣ በሰው ጀርባ ተለጥፎ መጥቶ፣ ጥቂት ሲቀር ከጤፍ ውስጥ እንደምትነሳ ቆቅ ቱር ይላል። ሉካ፣ እኔ ሉቃስ የምለው፣ አይቸኩልም፤ ከሁሉም እሱ ይፈጥናል፤ ብቻ ፊት ፊቱ የሚሄድ መንገድ ከፋች ይፈልጋል።

ከመውደቅህ በፊት ባለው ሰሞን "የሱፍ፣ ከሦስቱ ማን ይበልጣል?" አልሁት።

"እማማ፣ ዳገት ከሆነ ረጅሙ፣ ጥምዝ ከሆነ ድንክየው፣ ሜዳ ከሆነ የባዩ ጌታ" አለኝ።

"የባዩ ጌታ? ባዩን ማን አሽከር አደረገው?"

"ኧረ አንቱ! ሥራው እኮ ነው!"

መች ሰማሁት! ያች "ጌታ" የምትል ቃል አንጀቴን አቃጠለችው። ወዲያው ደወልሁልህ። "የጌጡ ልጅ መንገድ ለቃቂ ሆነ? እሑድ ከለቀቅህለት አያቴ እንዳትለኝ!" አልሁህ። "እሺ እማየ" አልህ።

እሑድ ያ ለሉቃስ ዘወር የምትልበት ቦታ ደረሰ። አልዘወርህም። ሉቃስ ከኋላህ አፉን ከፍቶ ሲጮህ አየሁት። እኔ "አበጀህ!" እያልሁ አጨበጭባለሁ። ከዚያ ጎማው ጎማህን ነካ።

ኋላ ያስረዳችኝ የየሱፍ ሚስት ዘሀራ ናት። "እማማ፣ ሚዜ አያውቁም? ሙሽራውን ከኋላው አድርጎ፣ 'አናስገባም' የሚለውን ሁሉ ገፍቶ፣ ስድቡን ጠጥቶ በር ያደርሰዋል። በሩ ላይ ዘወር ይላል። ሚዜው ተሸነፈ የሚል ሰው አለ? ባዩም ነፋሱን ይበላለታል፤ ያ ሰውዬ ጉልበቱ ሳይነካ ይደርሳል።"

ልጄ፣ ለሦስቱም ያልተሰጠ አንተ ዘንድ አለ። እነሱ ነፋስ ይሸሻሉ፤ አንተ ነፋሱን በደረትህ ይዘህ ያን ሁሉ መንገድ ቀጥ ትላለህ። ያች የመጨረሻዋ ብልጭታ ግን የለችህም። የለችህም። ስንት ጊዜ አይቼሃለሁ። እያወቅሁ ነው የላክሁህ።

አለቆችህ ለምን አልለቀቅህም ሲሉህ "ጎማ አንሸራተተኝ" ብለሃል አሉ። አዳነ እንዳለው ሐሙስ ዳግመኛ ይጠይቁሃል፤ ምስሉንም አይተውታል፤ በውሸትህ ከጸናህ ያባርሩሃል። ለማን ብለህ እንደዋሸህ አጥቼው አደለም። ተው፣ አትደብቀኝ።

መጀመሪያ ሉቃስ ዘንድ ሂድ። እዚህ ቢሆን ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ልትለምን ደጁ ትቆም ነበር፤ እዚያ ድንጋይ ይዘህ ብትገባ ያስሩሃል። ባዶ እጅህን ሂድ፤ አንገትህን ድፋና እውነቱን ንገረው። እናት አለችው? ጠይቀህ ላክብኝ።

ደብረ ታቦር ኢየሱስ አጥንትህን ይግጠምልህ። የእሱንም ይግጠምለት፤ የእሱን ያስቀድም። ከክፉ ምላስ ያውጣህ፣ ከእኔም ምላስ ቢሆን።

የሱፍ ይህን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ይልክልሃል። አታንብብ ብየዋለሁ፤ ያነባል፣ ያንብብ። ሐሙስ ለአለቆችህ ስጣቸው፤ አዳነ ያስተርጉምላቸው። የአሮጊት ጽሑፍ ነው ብለው እንዳይንቁት ከስሜ ሥር ጣቴን በቀለም አትሜበታለሁ።

መንገድ አትልቀቅ ብየ ያዘዝሁት እኔ ነኝ።

ብዙነሽ ሞላ
የባዩ ጌጡ አያት