ኪኒኔና የሰሁሩ ወተት

ሰኞ፣ ሰኔ 12/2009

እየዋጥኩት እንዴት አይሠራም? ደሴ ሄጄ የሰማሁት የደም ውጤት ተመልሶ ተበላሽቷል። የአንገቴ እጢ ሰነፍ ናት፤ ሆርሞኗ ለእኔም ለሆዴ ልጅም አይበቃም። የጎደለውን የሚሞላው ይሄ ኪኒን ነው። ያለፈው ፅንስ የወረደብኝ ሕመሙ ሳይታወቅ ነበር። ሐኪሙ ደግሞ «አንዳንድ ቀን ሳትዘይው አትቀሪም» አለኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ወላሂ አንድም ቀን አልዘለልኩም። እንደተናደድኩ ሐይቅ ከተማ ቤቴ ገባሁ።

ጅዳ ላለው ባሌ ማርገዜን አልነገርኩትም። ባለፈው እርግዝና ስም ሁሉ አውጥቶ ነበር፤ ዳግም እንዲያዝን አልፈልግም። አማቴም ጨክና ምስጢሬን ይዛልኛለች፤ ስልክ በተደወለ ቁጥር ግን አፏን ይበላታል።

ማክሰኞ

አማቴ ልትመሰክርልኝ ጤና ጣቢያ አብራኝ መጣች። ሲስተር ብርቱካን ገና ሳትጠይቀን አማቴ ደረቷን ነፍታ፣ «ምን ትዘላለች! ጎህ ሳይቀድ፣ ሰሁር ስንበላ፣ በላሜ ትኩስ ወተት፣ ከደም ማነሱ ኪኒን ጋር፣ እኔው ነኝ የማስውጣት» አለች።

ሲስተር ሳቋ አመለጣት። ለካ ወተቱም ምግቡም የደም ማነሱ ኪኒንም መድኃኒቱን ሆድ ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል! በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ። ቁርስ፣ ከዋጥኩ ከአንድ ሰዓት በኋላ። የደም ማነሱ ማታ።

ሐኪሙ ድሮ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የረሳሁት። ረመዳን ሲገባ ነው የተበላሸው፤ ባልጾምም ለበረካው ብዬ ከቤተሰቡ ጋር ሰሁር እነሳለሁ።

ረቡዕ

አማቴ አኩርፋ ዋለች። በእኔ አይደለም፣ በላሟ! ኋላ «የልጄን ልጅ የጎዳሁት እኔው ነኝ» ብላ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ከእንግዲህ ሰሁር እንዳትነሺ አለችኝ። በረካውስ? አልኳት።

«በረካውን እኔ እበላልሻለሁ። አንቺ ተኚ።»

በሳቅ ሞትን።

ሐሙስ

ኪኒን በውሃ። አማቴ ቁርሴን ይዛ ሰዓት ጠባቂ ሆና ቆመች፤ ሽታው ገደለኝ።

ከዚያ ልጁ ደህና መሆኑን በጆሮዬ ካልሰማሁ ብላ ጤና ጣቢያ ጎተተችኝ። ሲስተር የልብ ምቱን አሰማችን። ድው ድው ድው፣ እንዴት ይፈጥናል! ሲስተር ግን መድኃኒቱ መስተካከሉን ለማወቅ ገና ነው አለች፤ ከዒድ በኋላ ደሜ እንደገና ይታያል። ፈርቻለሁ። ደስም ብሎኛል።

ከሰዓት ባሌ ደወለ። አማቴ አፏን በሻርፗ ይዛ አጠገቤ ቆመች። የልብ ምቱን ከሰማሁ ወዲያ መደበቅ አልቻልኩም፤ ማርገዜን ነገርኩት። ስንተኛ ወርሽ ነው አለኝ። አራተኛ ገባሁ አልኩት።

«ያኔ ፅንሱ የወረደበትን ወር አልፈነዋል በይኛ» አለኝ።

አዎ፣ አልፈነዋል አልኩት። የቀረውንም ኢንሻአላህ።