ሞተሩን ያስነሳው ማን ነው?

ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.። የወንድሜ የሙስዐብ ግራ ክንድ ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

ለተከበሩ የኬላው ጥበቃ ኃላፊ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንዲበዛ፣ በተለይም ሁለቱም ክንዶችዎ እንዲሰነብቱልዎ ከመርሳ ከነቤተሰቤ እመኛለሁ። በአደባባይ የምጽፍልዎ አራት ቀን ደጅ ስላስጠኑኝ ተቀይሜ ሳይሆን ውለታዎ ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው።

1. መኪናዬ ስትቆም ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተሯን ራሷ ታጠፋለች፤ እግር ከፍሬን ሲነሳ ራሷ ታስነሳለች። ሙስዐብ እሷን እየነዳ ወደ ወልድያ ሲሄድ ኬላዎ ላይ በታዘዘው መሠረት ቆመ፤ ሞተሩም ጠፋ። ጥበቃዎ «እጅህን አውጣ! ውረድ!» ሲለው ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ሊወርድ ሲል እግሩ ከፍሬኑ ተነሳ፤ ሞተሩ ተነሳ። ጥበቃዎም «ሊያመልጥ ነው!» ብሎ ጎማውን በጥይት በሳው፤ የወጣውን ክንድ ደግሞ በክላሽ ሰደፍ ሁለት ጊዜ መታው። ለሁለት ስብራት ሁለት ምት ብቻ ስላጠፋ ቁጠባውን አደንቃለሁ።

2. ሙስዐብን ያለ ሐኪም አሥር ቀን ስላስቀመጡልን እናመሰግናለን። ጣቶቹ ጠቁረዋል። ሐኪም ጋ የሚሄደው ሞተሩ በራሱ ጠፍቶ በራሱ መነሳቱን በዓይንዎ ሲያዩ እንደሆነ ስለነገሩኝ የወልድያውን መካኒክ ገዛኸኝን ይዤልዎ መጣሁ።

3. ሆኖም ጥበቃዎችዎ ስምንት ቀን ሙሉ ሬዲዮ ሲያዳምጡባትና ስልክ ሲሞሉባት የመኪናዋ ባትሪ ደክሞ ነበር። ገዛኸኝ በኮምፒውተር መርምሮ፣ ባትሪ ሲደክም ይህ አሠራር ራሱን እንደሚዘጋ፣ ሞተሩም ያን ቀን መኪናዋ ቆማ እያለች እንደማይጠፋ አስቀድሞ በትሕትና አስረዳዎት። እሱ እንዳለውም ሞተሩ አልጠፋም። እርስዎ «ይኸው! መኪናውም መሰከረበት» ብለው ሳቁ። ገዛኸኝ «ጌታዬ፣ መኪናው የመሰከረው በሬዲዮአችሁ ላይ ነው» ቢል ከጥበቃዎችዎ አንዱ በቡጢ ሁለት ጥርሱን አረገፈለት። በማግስቱ ሙሉ ባትሪ ይዘን ብንመጣ ፈንጂ ሊሆን ይችላል ተብለን ከበር ተመለስን። ባትሪን ከፈንጂ ለመለየት የሚያበቃ ትምህርት በወልድያም በመርሳም እንደሚሰጥ ላስታውስዎ እወዳለሁ።

4. በመጨረሻም ስለ ቸርነትዎ። ዛሬ ጠዋት በቢሮዎ አንድ ቅጽ ሰጡኝ፤ ወንድሜ ሊያመልጥ እንደሞከረ በቤተሰቡ ስም አምኜ ከፈረምኩ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ይወሰዳል አሉኝ። ስሙን ጻፍኩ፤ ዕድሜውን ጻፍኩ፤ ሃያ ስድስት። ከመግባቴ በፊት ግን ሙስዐብ ከታሰረበት ክፍል በመስኮቱ ፍርግርግ ጠርቶኝ ነበር። «ወንድምዓለም፣ እንዳትፈርም። ወላሂ ብትፈርም በእግሬ ተመልሼ እገባለሁ። ዛሬ አመነ ካሉ ነገ ሌላውን ሹፌር ጭንቅላቱን ነው የሚመቱት።» ይህን ሲለኝ የተሰበረውን ክንዱን በሌላው እጁ ደግፎ ነበር። «ለማምለጥ» ከሚለው ቃል ላይ ስደርስ እስክርብቶዎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እርስዎ ስልክ እያወሩ ነበር። ቅጹን እንደተጀመረ ትቼልዎ ወጣሁ።

ስለ ደግነትዎ አጎንብሼ እጅ የምነሳ፣ የጸጥታዎ ተጠቃሚ፣
ጀብሪል ሰይድ፣ ከመርሳ

ማሳሰቢያ፦ ገዛኸኝ እንደነገረኝ ባለፈው ሳምንት ለእርስዎ የተመደበችው አዲስ መኪናም ሞተሯን ራሷ የምታጠፋና የምታስነሳ ናት። ኬላው ላይ ሲቆሙ እባክዎ እግርዎን ከፍሬን አያንሱ። ጥበቃው አዲስ ተቀጣሪ ከሆነ መልክዎን ላያውቀው ይችላል።